ሦስት ቀን ሠለጠንን፤ እሳቱ ሲነሣ የመራችን ግን ያልሠለጠነች ተከራይ ነበረች

የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የኮንዶሚኒየም መንደር ውስጥ የእድር ጸሐፊ ነኝ። እድራችን ከተመሠረተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አባላቱ በዕጣ ቤት የደረሳቸው፣ በልማት ተነሥተው ምትክ ያገኙና ገዝተው የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ከአራዳ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስና ከየአቅጣጫው የመጣን ስለሆንን ሰላምታ ከመለዋወጥ አልፈን ለመተዋወቅ ዓመታት ፈጅቶብናል። በየወሩ መዋጮ እንሰበስባለን፣ ሰው ሲሞት ድንኳን እናስተክላለን፣ ለሐዘንተኛው የተወሰነውን ገንዘብ እንሰጣለን፤ ከዚህ ያለፈ ሥራ ኖሮን አያውቅም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ድርጅት የአካባቢያችንን የእድር አመራሮች ሰብስቦ፣ ነዋሪው ራሱን በራሱ እየመራ አደጋንና ችግርን መቋቋም እንዲችል ያግዛል የተባለ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን። ከእኛ እድር ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ሄድን። ስለ መሪ ባሕርያት፣ ስለ ግጭት አፈታትና ስለ አደጋ ሥጋት ተማርን፤ በቡድን ተወያይተን ሐሳባችንን በትልልቅ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ፈርመን የውሎ አበላችንን ተቀበልን፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀታችንን ይዘን ፎቶ ተነሣን። ሥልጠናው መጥፎ ነበር ለማለት አይደለም፤ አሠልጣኞቹ ትጉና ትሑት ሰዎች ነበሩ።

በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የምጣድ ሶኬት ግሎ እሳት ተነሣ። ጢሱ ደረጃውን ሞላው። ዋናው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ከደረጃው ሥር ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው የኮሚቴ አባል ደግሞ በዚያ ምሽት ከከተማ ውጭ ነበር። ወደ 939 መደወል እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሌላው ደውሏል ብሎ ስላሰበ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አንዲት እናት እንዳሉም ማናችንም አላስታወስንም።

ያስታወሰችው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእኅቷ ጋር ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት ናት። ሁለት ጎረምሶችን በስማቸው ጠርታ እናትየውን በብርድ ልብስ ተሸክመው እንዲያወርዷቸው አደረገች። ሌላውን «አንተ ደውል፤ ማንሣታቸውንም መጥተህ ንገረኝ» አለችው። ጓጉንቸሩን በድንጋይ አሰብራ መብራቱን አስቆረጠች፤ ሕፃናቱን ከብሎኩ ጀርባ ሰብስባ ቆጠረቻቸው። የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ እሳቱ በአሸዋና በረጠበ ጋቢ ታፍኖ ጠፍቶ ነበር። አንድ ማብሰያ ቤት ነደደ እንጂ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሦስታችን ሠልጣኞች እዚያው ነበርን። ሐፍረቴን ልናገርና፣ እኔ ከቤቴ የወጣሁት የእድሩን መዝገብ በብብቴ ሸጉጬ ነው፤ እሳቱ እስኪጠፋም ድረስ እንደዚያው ቆሜ ነበር።

በእድራችን ደንብ መሠረት ይህች ልጅ አባል መሆን አትችልም፤ አባልነት ለቤት ባለቤት ብቻ ነው። ድርጅቱ አሁን ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ሊሰጥ ስለ ሆነ ስም ዝርዝር እንድንልክ ጠይቆናል። እንደዚህች ልጅ ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ የሚያገኝና ሥራ የሚያስይዝ የአመራር ሥልጠና በሰፈር ደረጃ ሲሠራበት ያየ ሰው ካለ እንዴት እንደ ተሠራ ቢነግረኝ እወዳለሁ። ለሞት ብቻ በቆመ እድር ላይ ይህን ሸክም ለመጨመር መሞከሬ ልክ ይሁን አይሁን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ መዝገቡን ይዘህ መውጣትህ አያሳፍርም፤ በእኛ ዘመን መዝገቡ ተቃጠለ ማለት እድሩ ተቃጠለ ማለት ነበር። እኔ በመሃል ከተማ በአንድ አሮጌ ሰፈር እድር ውስጥ በጸሐፊነትም በዳኝነትም ለ22 ዓመት አገልግያለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

በእኛ ሰፈር አባላቱ በአሥር በአሥር ቤት ተከፍለው በየወሩ ተረኛ ይሆኑ ነበር። ሰው ሞቶ ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ሲዞር ተረኛው አሥር ቤት ወዲያው ይነሣል። ድንኳኑን ከዕቃ ቤት የሚያወጣው፣ ካስማውን የሚመታው፣ አግዳሚውን ወንበር ቆጥሮ የሚረከበውና የሚያስረክበው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው፣ ከቀብር የቀረውን አባል ለቅጣት የሚመዘግበው እርሱ ነው። የተረኞቹ አለቃ በየወሩ ስለሚለዋወጥ፣ ዓመቱ ሲዞር በሰፈሩ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው በእኩለ ሌሊት ተጠርቶ ሰው ማሰማራትን ተለማምዶ ይገኛል። አንድ ጫማ ጠጋኝ ጎረቤት ነበረን፤ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ተራው ደርሶ ድንኳን ሲያስተክል ግን «ያንን ጥግ ወጥር! አንተ ልጅ፣ ውኃ!» ሲል ድምፁ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይም መናገር ጀመረ። ይህን ማንም ሥልጠና ብሎት አያውቅም።

ዛሬ በእናንተ መንደር ድንኳኑና ወንበሩ በኪራይ ይመጣል፤ የሚተክሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ጥሩምባው በቴሌግራም ተተክቷል። አልፈርድባችሁም፤ ሰው ሥራ ውሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያመሻል። ይሁን እንጂ ሥራውን ለድንኳን አከራይ ስትሰጡት በሥራው ውስጥ ይወጣ የነበረውን ሰውም አብራችሁ ሰጣችሁት። እሳቱ በተነሣ ጊዜ ማን ምን እንደሚችል የምታውቁበት አጋጣሚ በስምንት ዓመት ውስጥ አልነበራችሁም።

እድር ከሞት በቀር ሌላ ሥራ ተሸክሞ አያውቅም የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ አዲስ አበባን ሲያራቁት ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመን መርዳትና ወላጅ ያጣን ልጅ መደገፍ ጀምረዋል። በእኛ ዘንድ ይህን ያመጣው የገንዘብ ያዣችን ደብተር ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመው የዓመቱን ወጪ በየስሙ አነበቡ። የተከፈለው በአብዛኛው ለእኛ ለሽማግሌዎቹ እኩዮች ሞት አልነበረም፤ ለልጆቻችን እኩዮች ነበር። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «በዚህ ከቀጠልን ሣጥኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ከሞተ በኋላ የምንከፍለውን ታሞ ሳለ ብንሰጠው ይሻላል» አሉ። ያን ቀን ማንም እጁን አውጥቶ አልተቃወመም። በሽተኛ እየዞሩ የሚጠይቁ ሰዎች ሲመረጡም ከእድሩ አባላት ውጭ የሆኑ ሁለት ሴቶች ተመረጡ፤ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት በር መግፋት ያኔ የሚደፍሩት እነርሱ ብቻ ስለ ነበሩ ነው። ደንቡን ያስተካከልነው ከሥራው በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተራውን መልሱ። ድንኳኑን ባትተክሉ እንኳ በእያንዳንዱ ደረጃ መወጣጫ በወር አንድ ቤት ተረኛ ይሁን፤ የመቁረጫውን ሣጥን ቁልፍ ይረከብ፣ ሮቶው ውኃ እንዳለው ይይ፣ የታመሙትንና ብቻቸውን የሚኖሩትን በሳምንት አንድ ጊዜ ያንኳኳ፣ ወሩ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ቤት በፊርማ ያስረክብ። ባለቤት ይሁን ተከራይ አትጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ ለሥልጠና የምትልከውን ሰው ስም ከማንም ሳትጠይቅ ታውቀዋለህ።


ጠበቃው

የመምህሩን አስተያየት በአክብሮት ባነብም በአንድ ነገር አልስማማም። እድር እስከ ዛሬ የቆየው ትንሽና ግልጽ ሥራ ስለሚሠራ ነው። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ሆነ እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነት ወሰናቸው ውጭ አድርገዋቸዋል። ይህ መረሳት አይደለም፤ ትልቅ ከለላ ነው። አንድ እድር የፕሮጀክት ዓላማ ሲያነግብ፣ ዓመታዊ ዕቅድና ሪፖርት ሲጀምር፣ ከውጭ ገንዘብ ሲቀበል ይህን ከለላ በራሱ እጅ ያሳሳዋል። ቀጥሎም ወረዳው ስብሰባ ሲፈልግ በእድሩ በኩል ይጠራል፤ መዋጮ ሲፈልግም እንደዚሁ። ቀብር ላይ የማይቀረው ሰው ከእድር መራቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የእሳቱ ጉዳይ በሕግ ባለቤት አለው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ይቋቋማል፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የኤሌክትሪክ ሣጥኑና የመሳሰለው የጋራ ንብረት አስተዳደር የእርሱ ኃላፊነት ነው። ጓጉንቸሩን የቆለፈው እርሱ ከሆነ ቁልፉንም እርሱ ያባዛ። እድሩ ቀብሩን ይያዝ።


የደሴዋ

ጠበቃው የተናገሩት የከለላ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን የባለቤቶች ማኅበሩም የባለቤቶች ነው፤ ያቺን ልጅ እርሱም አያውቃትም። በእኛ በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር አባልነቱ በመኖር ነው። ጎረቤት ሆነህ ቤት ከያዝህ ቅሬ ትገባለህ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚቀባበርበት ሰፈር ብዙ ነው። የሰው ዋጋ የሚለካው ካርታ በማሳየቱ ሳይሆን ለቅሶ በመድረሱ ነው። የእናንተ ደንብ ገና ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል።

ያየሁትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ2013 ክረምት መጨረሻና በ2014 መግቢያ ላይ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ደሴ ሲጎርፉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞሉ፤ በየሰው ቤትም ያረፉ እጅግ ብዙ ነበሩ። በሰፈራችን አቅራቢያ ባለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ቀን ምግብ ያዘጋጀነው የቅሬው ሴቶች ነን። ወንዶቹ ኮሚቴ ለማዋቀር ተቀምጠው ሊቀ መንበሩ ማን ይሁን በሚለው ላይ ሲነታረኩ፣ አንዲት በልቅሶ ቤት ወጥ ስትሠራ የኖረች እናት ግቢውን አንድ ጊዜ ዞራ ቆጥራ መጣች። «ሰው ሦስት መቶ ያህል ነው፤ ሕፃን ይበዛዋል፤ ለእራት ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ሽሮ፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፤ እንጨቱን ከእገሌ ቤት፣ በርበሬ አይብዛ፤ ልጆች ናቸው» አለች። በጣቷ እየቆጠረች የተናገረችው አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። በሁለተኛው ቀን ጡት የሚያጠቡትን ለይታ ከፊት አሰለፈች። በሦስተኛው ቀን የወንዶቹ ኮሚቴ ተዋቅሮ ሲመጣ እርሷን «የምግብ ዝግጅት ንዑስ ክፍል ረዳት» አድርጎ መዝግቧት ነበር። ሥልጠና የመጣ ጊዜም የሄደው ሊቀ መንበሩ ነው።

ጠያቂው ወንድሜ ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ሄድን ብለው ሲጽፉ ይህ ትዝ አለኝ። በመንደራችሁ የሴቶች እድር የለም? ካለ ከዚያ ስንት ሰው ሄደ? በልቅሶ ቤት ለአራት መቶ ሰው ያበሰለች፣ የጎደለውን ከጎረቤት ያሟላች፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር አውቃ ሰው የመደበች ሴት፣ እናንተ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን በእጇ ታውቀዋለች። የሚጎድላት አዳራሹ ውስጥ የሚሰጣት ወንበርና ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ነው።


አሠልጣኝ የነበርሁ

እንዲህ ዓይነቱን የሦስት ቀን ሥልጠና ለዓመታት የሰጠሁ ሰው ስለ ሆንሁ ከሌላው ወገን ያለውን ልጻፍ። ለሥልጠናው ገንዘብ የሚሰጠው አካል በሪፖርት የሚጠይቀው ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ከእነርሱ ስንቱ ሴት ነው የሚለውን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ጓጉንቸሩ ተከፈተ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የበጀት መደብ አይቼ አላውቅም። አበል ባለበት ቦታ ስም ዝርዝሩን የሚሞላው ሥልጣን ያለው ሰው መሆኑም የታወቀ ነው፤ የተወሰኑ ሠልጣኞችን ከአንድ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ከማየቴ የተነሣ በስም ብቻ ሳይሆን በሚወዱት የሻይ ዓይነት አውቃቸው ነበር።

ሥልጠና ከንቱ ነው ግን አልልም፤ ቅን ልብ ብቻውን የሚገድልበት ጊዜ አለና። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን የመሬት ናዳ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ካለቀባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ መቅበሩ ነው። ጎረቤቱ ሲቀበር ቆሞ የሚያይ ሰው በእኛ አገር የለም፤ አይኑርም። ነገር ግን ከሰዉ መካከል አንድ ሰው እንኳ ወደ ላይ ቀና ብሎ ተራራውን የመመልከት ሥራ ቢሰጠው፣ የቀረው ቆፋሪ በመስመር ቢገባ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አይወጣም። በእናንተም ብሎክ ልጅቷ መብራቱን ሳታስቆርጥ እርጥብ ጋቢው ቢወረወር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ይህን ከየት እንዳወቀችው ጠይቃችኋታል?

ጥሩ ምሳሌ ለሚፈልግ ባንግላዴሽን እጠቅሳለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በቦላ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አለቀ። በ1972 መንግሥትና ያኔ ቀይ መስቀል ይባል የነበረው የአገሪቱ ቀይ ጨረቃ ማኅበር የጀመሩት የአውሎ ነፋስ ቅድመ ዝግጅት ፕሮግራም በባሕሩ ዳር ባሉ መንደሮች ደመወዝ የማይከፈላቸው ነዋሪዎችን አደራጀ። እያንዳንዱ የመንደር ቡድን በሥራ ተከፋፍሏል፤ የሚያስጠነቅቅ፣ ወደ መጠለያ የሚወስድ፣ የሚያድን፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጥ፣ የርዳታ እህል የሚያከፋፍል እየተባለ። መሣሪያቸው የድምፅ ማጉያ፣ ባንዲራ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና ብስክሌት ነው። በ1991 በመጣው ማዕበል ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር፤ ሴቶቹ ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው መጠለያ ለመግባት ያፍሩ ስለ ነበረና አስጠንቃቂዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ስለ ነበሩ ነው ይባላል። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ከሆኑት በጎ ፈቃደኞች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞተው ሰው በሺዎች የሚቆጠር እንጂ በመቶ ሺዎች አልነበረም። ማስጠንቀቂያውን ከሳተላይት አግኝቶ ማወጅ ቀላሉ ክፍል ነው፤ አያት የሆነችን ሴት ላሟን ትታ እንድትወጣ የሚያሳምናት ግን በስሟ የሚጠራት ጎረቤት ብቻ ነው።

ከአገራችን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1995 የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን አስቡ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ዓመት ያህል ተምረው፣ ከዚያው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ። ውጤት ያስገኘው አብሮ መኖሩ ነው። በኋላ የመጣው የ1 ለ 5 አደረጃጀት በብዙ ቦታ ያልተሳካለት፣ መሪው ከላይ ስለ ተመደበና ሰው ጎረቤቱን እንደ ተቆጣጣሪ ማየት ስለ ጀመረ ይመስለኛል። በዚህ ነጥብ ከጠበቃው ሥጋት ጋር እስማማለሁ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ስም ከመላካችሁ በፊት ድርጅቱን አንድ ነገር ጠይቁ። ሥልጠናውን በአዳራሽ ፋንታ በብሎካችሁ ሥር፣ እሑድ ከሰዓት፣ ያለ አበል፣ ለመጣው ሁሉ ይስጥ። ለአዳራሽና ለአበል የሚወጣው ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ ይግዛበት። እምቢ ካሉ ፍላጎታቸው ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

በሜሪላንድ የምኖር ነርስ ነኝ። እዚህም እድር አለን፤ ዋናው ሥራው አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክና ቀብር ማስፈጸም ነው፤ በኮሮና ጊዜ ግን ከበር ውጭ ምግብ አስቀምጦ የሚሄድ የተራ ሰንጠረዥ አውጥተን ነበር፤ መምህሩ እንዳሉት ተራው ነው የያዘን።

አሠልጣኙ ስላነሡት ጉዳይ ልጨምር። በአሜሪካ ለተራ ነዋሪ የሚሰጥ የአካባቢ የአደጋ ጊዜ ቡድን ሥልጠና አለ። የጀመረው የሎስ አንጀለስ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር በ1985፤ በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ሲቲ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያልሠለጠኑ ነዋሪዎች 800 ያህል ሰው ከፍርስራሽ አውጥተው፣ ከራሳቸው ደግሞ 100 ያህል ሲያድኑ መሞታቸው በትምህርቱ ውስጥ ሁልጊዜ ይነገራል። ሥልጠናው ወደ 20 ሰዓት ይወስዳል፤ በማታና በቅዳሜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። እኔ የወሰድሁት ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ነው፤ አስተማሪው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ስለ መሪ ባሕርይ አንድም ገጽ አልነበረውም። የመጀመሪያው ትምህርት «አንተ ከተጎዳህ ሌላ ሁለት ሰው ታስሮብህ ይቀራል» የሚል ነው፤ ቀጥሎ ብቻህን አትግባ፣ ጥንድ ሆናችሁ ግቡ፤ ከዚያ ጋዝና መብራት እንዴት እንደሚቆረጥ በእጃችን ሠራን። መሪ የሚሆነው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ነው፤ የበለጠ የሚያውቅ ሲመጣ ያስረክበዋል። ይህ «አስረክብ» የሚለው ነገር ለእኛ ለሐበሾች ትንሽ ይከብደናል፤ ወንበር የያዘ ሰው ወንበሩን ይዞ ይሞታልና።


የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። የጻፋችሁትን አትሜ ለዳኛችን ሰጠኋቸው፤ የደሴዋን እኅታችንን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ። አዎን፣ የሴቶች እድር አለን፤ አንድም ሰው ከእነርሱ አልሄደም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

የጠበቃውን ምክር በከፊል ተቀብለናል። የኤሌክትሪክ ሣጥኑንና የእሳት ማጥፊያውን ጉዳይ ለባለቤቶች ማኅበር በደብዳቤ አቅርበናል፤ የእድሩን ገንዘብም ለዚህ አንነካም። ተራውን ግን በእድሩ በኩል ልንጀምር ተስማምተናል፤ ተከራይንም ይጨምራል። ደንቡን አሁን አንቀይርም፤ መምህሩ እንዳሉት ሥራው ይቅደም። ሁለት አባላት «ተከራይ ነገ ይሄዳል፤ ቁልፍ እንዴት ይሰጠዋል?» ብለው ተቃውመዋል፤ የሴቶቹ እድር ዳኛ «ባለቤቱስ መቼ ቤቱ ይገኛል?» ብለው መለሱላቸው። ድርጅቱ ሥልጠናውን በብሎካችን ሥር እንዲሰጥ ጠይቀናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ልጅቷን ጠየቅኋት። የሠራችበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ በየሦስት ወሩ የእሳት ልምምድ ያደርግ ነበር፤ መብራት መቁረጥንም ሰው መቁጠርንም እዚያ ነው የለመደችው። የሰፈር የአደጋ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንድትሆን ስጠይቃት ሳቀች፤ ማታ ማታ እንደምትማርና ስብሰባ እንደማይመቻት ነገረችኝ። ይልቁን ለልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ሰዓት ልምምድ ልስጥ አለች፤ በዚያም ላይ እኔ ጢስ ሆኜ ደረጃው ላይ እንድቆም መድባኛለች። የሣጥኑ ቁልፍ በሦስት ቅጂ ተቀርጿል፤ አንዱ ተረኛው ቤት፣ አንዱ ጥበቃው ዘንድ፣ አንዱ እርሷ ዘንድ ነው።